የክረምቱ 65 ቀናት፦ ማጠናከሪያ ትምህርት ወይስ የተረት መጽሐፍ?

ጥያቄ፦ «ልጄ ዘንድሮ አራተኛ ክፍልን ጨርሷል። ውጤቱ መካከለኛ ነው፤ ያነባል፣ ግን ቀስ ይላል። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ አስመዝግበዋል። የልጄ መምህርት ግን ‹ክረምቱን ደስ ያለውን መጽሐፍ ያንብብ፣ ይበቃዋል› አሉኝ። ተረትና ቀልድ ማንበብ ጊዜ ማባከን አይሆንም ወይ? ቢያነብስ በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ? እሱ ደግሞ ከኳስ ወሬ በቀር ማንበብ አይወድም። ቤታችንም ብዙ መጽሐፍ የለም።»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣

የልጅዎ መምህርት የሰጡዎት ምክር በመሠረቱ ትክክል ነው። «ይበቃዋል» በሚለው ቃል ላይ ብቻ አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ፤ እሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ። አስቀድሜ ጥያቄዎ የቆመበትን ሐሳብ ልንካ፤ ማጠናከሪያ ሥራ ነው፣ ተረት ማንበብ ጨዋታ ነው፣ ጨዋታ ደግሞ ከሥራ በኋላ ይደርሳል የሚለውን ማለቴ ነው። አብዛኞቻችን በዚህ አስተሳሰብ ስላደግን ማንም አይወቀስበትም። ይሁንና ፊደሉን ለይቶ ለሚያውቅ፣ ነገር ግን ሲያነብ ቀስ ለሚል የአራተኛ ክፍል ልጅ የሚጎድለው የተነበበ ገጽ ብዛት ነው። ልጅ ብዙ ገጽ የሚያነበው ደግሞ ማንም ሳያዝዘው ነገሩ ሲጥመው ነው። በዚህ ምክንያት የንባቡ ደስታ እንደ ማጣፈጫ የሚታይ ሳይሆን ጥቅሙን የሚያመጣው ዋናው ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስሌቱን እንመልከት። ሐምሌና ነሐሴ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን ሲታከልበት 65 ቀን ይሆናል። ልጅዎ በቀን 20 ደቂቃ ብቻ ቢያነብ በክረምቱ 1,300 ደቂቃ፣ ማለትም ከ21 ሰዓት በላይ አነበበ ማለት ነው። ቀስ ይላል ስላሉኝ በደቂቃ 60 ቃል ያነባል ብለን ብናስብ እንኳ እስከ መስከረም 78,000 ቃል በዓይኑ ሥር ያልፋል። በአንጻሩ በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ በሰኔ ተሰብስቦ ስለሚመለስ፣ ክረምት በብዙ ቤት ውስጥ የታተመ ነገር ፈጽሞ የማይገለጥበት ወቅት ይሆናል። ክረምቱን ባነበበና ባላነበበ ልጅ መካከል በመስከረም የሚታየው ልዩነት ከአእምሮ ስለት የመጣ ይመስለናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የመጣው ከዚህ ስሌት ነው። የቃላት ጉዳይም በዚሁ መንገድ የሚታይ ነው። ስዋንቦርንና ደ ግሎፐር የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 የ20 ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ አጣምረው ሲመረምሩ፣ ተማሪዎች ሲያነቡ ከሚገጥሟቸው የማያውቋቸው ቃላት መካከል ከመቶ 15 ያህሉን ማንም ሳያስተምራቸው ከንባቡ ብቻ እንደሚይዙ አግኝተዋል። አሥራ አምስት ከመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በ78,000 ቃል ውስጥ በሚገጥሙት የማያውቃቸው ቃላት ላይ ሲሠላ ግን ትንሽ አይደለም።

ይህ የገጽ ብዛት ለአማርኛ አንባቢ በተለይ የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ፤ ስለ ንባብ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ጥቂት ልቆይበት። ፊደላችን ታማኝ ነው፤ ሰባቱን ቤት የለየ ልጅ የትኛውንም ቃል ድምፅ ሰጥቶ ሊያነበው ይችላል። አንድ ነገር ግን አይጽፍም፤ መጥበቅና መላላትን። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። «ዋና» ሲላላ ከውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ ከነገሩ ሁሉ የሚቀድመው ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል ነው። ትልቅ ሰው ይህን ሳያስተውለው ያልፈዋል፤ ምክንያቱም ዓይኑ ከአፉ ቀድሞ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ስላየው ነው።

አንድ ጊዜ ከአንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ጎን ተቀምጬ ስታነብ እሰማ ነበር። «በጉ ይበላል» የሚለው ላይ ስትደርስ ቃሉን አላልታ፣ በጉ ሣር እንደሚግጥ አድርጋ አነበበችው። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር «ቆዳውም ለገበያ ይወጣል» ይል ነበር። ቆም አለች። ጣቷን ወደ ላይኛው መስመር መልሳ ቃሉን በሹክሹክታ አንድ ጊዜ ደገመችው፤ ከዚያ አጥብቃ አነበበችውና «ውይ፣ ሊያርዱት ነው!» አለች። እኔ አላረምኳትም፤ ያረማት ታሪኩ ነው። አንባቢ የሚባለው ይህን መመለስና ማስተካከል በየገጹ፣ በስተኋላም ሳይታወቀው የሚያደርግ ሰው ነው። ይህ ደግሞ ተነጣጥለው በተደረደሩ ቃላት ወይም ባዶ ቦታ ሙላ በሚል መልመጃ አይገኝም፤ መጨረሻው የሚያጓጓ፣ ተያያዥ ጽሑፍ ይፈልጋል። የአብነት መምህራን ይህን ከእኛ አስቀድመው ያወቁት ይመስለኛል፤ ፊደል የቆጠረውን ልጅ ከግእዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ የሚያሸጋግሩት አንዱን ጽሑፍ ደጋግመው እያስነበቡ ነው።

አሁን ወደ ጥናቶቹ ልምጣ። በትምህርት ዕረፍት ወቅት ስለሚደርሰው ለውጥ የተጻፈው አብዛኛው ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ እንዳለ ገልብጦ መውሰድ አይገባም። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 የ39 ጥናቶችን ውጤት አጠቃልለው ተማሪዎች በዕረፍቱ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚያጡ ጽፈዋል። የሒሳቡ መቀነስ በሁሉም ዘንድ ሲታይ፣ በንባብ ግን ኑሯቸው የተደላደለ ልጆች ሲሻሻሉ የድኾቹ ልጆች ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2019 ፖል ፎን ሂፕል፣ የፈተናዎቹ አሠራር ሲለወጥ የኪሳራው መጠንም ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን እንደ ተረጋገጠ ነገር መያዝ እንደማይገባ አሳስበዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ስለዚህ «ክረምት ትምህርት ያስረሳል» በሚል ፍርሃት እንዲወስኑ አልመክርዎትም።

ለእርስዎ ጥያቄ የሚቀርበው ሌላ ነው። ባርባራ ሄይንስ በአትላንታ ከተማ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ጥናት፣ በዕረፍት ወራት ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ ከትምህርት መሻሻል ጋር በጽናት ተያይዞ የተገኘው መጽሐፍ ማንበብ ነበር። ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል-ፍራንዘን ደግሞ በፍሎሪዳ፣ ድኽነት በበረታባቸው 17 ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ለሦስት ተከታታይ የዕረፍት ወቅቶች በየዓመቱ 12 መጽሐፍ ሰጡ። መጻሕፍቱን የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ፈተናም የቤት ሥራም አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ መጽሐፍ የተሰጣቸው ልጆች ካልተሰጣቸው በንባብ ተሽለው የተገኙ ሲሆን፣ የተገኘው መሻሻል በዕረፍት ወቅት ከሚሰጥ ማጠናከሪያ ትምህርት ከሚጠበቀው ያነሰ አልነበረም። ልጆቹ በብዛት የመረጡት ስለ ዘመኑ ዘፋኞችና ታዋቂ ሰዎች የተጻፈውን እንደነበር ስነግርዎ የልጅዎ የኳስ ወሬ ትንሽ የሚቀልልዎት ይመስለኛል።

ሒሳቡም ከዚህ ውጪ አይደለም። የለንደን ተመራማሪዎቹ አሊስ ሱሊቫንና ማት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1970 የተወለዱ 6,000 ያህል ብሪታንያውያንን መረጃ መርምረው፣ ከ10 እስከ 16 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ለራሳቸው ደስታ ያነቡ የነበሩት በቃላት ዕውቀትና በፊደል አጻጻፍ ብቻ ሳይሆን በሒሳብም የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ እ.ኤ.አ. በ2013 ገልጸዋል። ጥናቱ ክትትል እንጂ ሙከራ ስላልሆነ ንባቡ ብቻውን ይህን አመጣ ብሎ መደምደም አይቻልም። ሆኖም የአራተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ያረመ መምህር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ መደመርና ማካፈል የሚችል ልጅ «ከ» እና «በ»ን አምታቶ፣ ወይም ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳያነብ የተሳሳተ ስሌት ይሠራል።

ደስታውን ስለሚያበላሹ ነገሮች ግልጽ ልሁን፤ ብዙ ወላጆች በቅን ልቦና የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ሽልማት ነው። «ይህን መጽሐፍ ከጨረስክ ሃምሳ ብር እሰጥሃለሁ» የሚለው ቃል ለሁለት ሳምንት ይሠራል። ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመ ሙከራቸው፣ በቀለም ብዕር መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ከፍለው ለአንዱ ቡድን ስለ ሥዕሉ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጠው አስቀድመው ነገሩት። ከሳምንት በኋላ ሲታዩ፣ ወረቀቱ ቃል የተገባላቸው ልጆች ለመሣል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆነ። ሽልማቱ ጨዋታውን ወደ ደመወዝ ሥራ ለወጠባቸው። ሁለተኛው «ያነበብከውን በአንድ ገጽ ጻፍልኝ» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ልጅ ቶሎ የሚማረው አጭር መጽሐፍ መምረጥን ይሆናል። ሦስተኛው ስሕተትን በየቃሉ ማረም ነው። ያችን ተማሪ በ«ይበላል» ላይ ወዲያው ባርማት ኖሮ የበጉ ነገር የእኔ እንጂ የእሷ አይሆንም ነበር።

እንግዲህ የኳስ ወሬ ይሁንለት። የተጫዋቾች የሕይወት ታሪክ፣ የስፖርት ጋዜጣ፣ የውጤት ሰንጠረዥ፣ ሁሉም ንባብ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ኳስ የሚጫወት ልጅ ያለበት አጭር ልቦለድ፣ ከዚያም ስለ ሌላ ነገር የሚተርክ ታሪክ እያስጠጉ ማየት ይቻላል፤ ቀስ ብለው እንጂ በጉልበት አይደለም። አንዱን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ደግሞ ቢያነብ አይከልክሉት፤ ድግግሞሹ ፍጥነቱን ይጨምርለታል። የጀመረውን አልወደድኩትም ብሎ በአሥረኛው ገጽ ቢተወውም እንደ ስንፍና አይቁጠሩበት። እኛስ ያልጣመንን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው የምናነበው ስንቶቻችን ነን?

ቋንቋን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ በአማርኛ ያንብብ። በግል ትምህርት ቤቶች አካባቢ ይህ ምክር ብዙም እንደማይወደድ አውቃለሁ። ነገር ግን ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያብራራ እንደቆየው፣ በአንድ ቋንቋ የተገኘ የንባብ ችሎታ፣ ማለትም ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት፣ ምክንያትና ውጤትን ማያያዝ፣ ያልተረዱትን ለማግኘት ወደ ኋላ መመለስ፣ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይሻገራል። በአማርኛ ቀስ የሚል ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያነብ ሲደረግ ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ ደስታውም ከሁሉ አስቀድሞ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ካማረው ሥዕል የበዛበትና ከክፍሉ ዝቅ ያለ መጽሐፍ ይስጡት። በሁለቱም ቋንቋ የሚሠራ ቀላል መለኪያ አለ፤ አንድ ገጽ ያንብብና የማያውቀው ቃል በገጠመው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ለአሁኑ ከብዶታል ማለት ነው፤ ለከርሞ ይቀመጥ ወይም እርስዎ ያንብቡለት።

አሁን ወደ «ይበቃዋል» ልመለስ። መጽሐፍ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። ጄምስ ኪምና ቶማስ ዋይት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ 400 ያህል ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው ነበር። መጽሐፍ ብቻ የተላከላቸው ልጆች ምንም ካልተላከላቸው ይህን ያህል አልተለዩም፤ የተሻሻሉት ስለሚያነቡት ነገር እንዲያስቡ መምህራኖቻቸው ከዕረፍቱ በፊት ያለማመዷቸውና ቤት ውስጥም ከዘመድ ጋር ጮክ ብለው የሚያነቡት ናቸው። የአሊንግተን ጥናት ከዚህ ጋር የሚጋጭ ቢመስልም፣ አንዱ ሦስት ዓመት፣ ሌላው አንድ ክረምት የፈጀ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። እርስዎ ያለዎት አንድ ክረምት ስለሆነ የሁለተኛውን ትምህርት ይያዙ፤ ልጅዎ ካነበበው ላይ የወደደውን ግማሽ ገጽ ማታ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፣ እርስዎም የሚቀጥለውን ያንብቡለት። «ምን ተማርክ?» ከሚለው ይልቅ «ያ ልጅ ለምን የዋሸ ይመስልሃል?» የሚል ጥያቄ ወሬ ያስነሣል። በሐምሌ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና መብራቱ ሲጠፋ የሚነበብ ተረት ደግሞ ከቴሌቪዥን ጋር መፎካከር አያስፈልገውም፤ አንድ ሻማ ይበቃዋል።

ጮክ ብሎ ማንበብ የሕፃናት ነገር ነው ብለው እንዳያልፉት። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሥራውን አቁሞ ያዳመጠው ትልቁ ሰው ነበር፤ ድምፁን ሰምተው ወደ መጽሐፉ የሄዱ ብዙዎችን አውቃለሁ። የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላ፣ የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ ልጅ የሚማረው ከእንዲህ ዓይነት ድምፅ ነው። በቤትዎ አያት ካሉ፣ ማንበብ ባይችሉ እንኳ የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልዶች አንድ ሁለት ያውቁ ይሆናል፤ ልጁ ያንኑ ቀልድ በጽሑፍ ሲያገኘው አስቀድሞ የሚያውቀውን ስለሚያነብ ፈጥኖ ያነባል።

መጽሐፍ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ አዲስ አበባ ከሆኑ አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት አብረው ሄደው የሚመርጠውን እሱ ይምረጥ። የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊም ከመዘጋቱ በፊት ለክረምት ያውሱን እንደሆነ ይጠይቁ፤ በየመደርደሪያው አቧራ ለብሶ የሚከርም መጽሐፍ ብዙ ነው። የሚቀልለው ግን አምስት ጎረቤት ተስማምቶ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት የልጆች መጽሐፍ ገዝቶ በየሳምንቱ መለዋወጥ ነው፤ በሁለት መጽሐፍ ዋጋ አሥር መጽሐፍ ይነበባል፣ ልጆቹም የሚያወሩበት ነገር ያገኛሉ። ከአዟሪዎች የተነበበ መጽሐፍ በቅናሽ መግዛትም ነውር የለበትም። በእርግጥ ይህ ሁሉ የከተማ ምክር ነው። በገጠር ክረምት የአረም ወቅት በመሆኑ ልጅ ከጎልማሳ እኩል ይሠራል፤ እዚያ መጽሐፉ ወደ ልጁ መሄድ አለበት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሀዋሳ አካባቢ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ያስጀመሩት ይህን በመረዳት ነው።

ስልክስ ይሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዴልጋዶና ባልደረቦቹ 54 ጥናቶችን ሲያነጻጽሩ፣ ለትምህርት የሚነበብ ጽሑፍ ከወረቀት ላይ ሲነበብ የተሻለ እንደሚረዱት፣ ለትረካ ግን ይህን ያህል ልዩነት እንደሌለው አይተዋል። ስለዚህ ተረቱን በስልክ ቢያነብ ጉዳቱ ከስልኩ ብርሃን አይመጣም፤ የሚመጣው በአንድ ጣት ርቀት ላይ ካለው ጨዋታ ነው። በቴሌግራም ያለ ፈቃድ የሚሠራጩትን መጻሕፍት ግን አልመክርም፤ ለልጆች በአማርኛ የሚጽፉት ጥቂት ስለሆኑ እነሱንም ማራቆት አይገባም።

በመጨረሻ ማጠናከሪያው የሚያስፈልገው ልጅ የትኛው እንደሆነ ልናገር። ልጅዎ የማያውቀውን አጭር ጽሑፍ ሲያነብ በየፊደሉ የሚቆም፣ «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «ቀ»ን ከ«ቄ» አሁንም የሚያምታታ፣ ወይም አንብቦ ሲጨርስ ስለ ምን እንደነበር አንድም ነገር መናገር የማይችል ከሆነ፣ ደስ ያለህን አንብብ ማለት ዋና የማያውቅን ሰው ወደ ጥልቁ እንደ መላክ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ በቀን ግማሽ ሰዓት ከአንድ ትዕግሥተኛ ሰው ጋር ፊደልና ቃል ማጥናት ይቀድማል፤ ዓይኑንም ማስመርመር ያስፈልጋል፣ ከመቀመጫው ሰሌዳው ሳይታየው ዓመቱን የፈጸመ ልጅ ብርቅ አይደለምና። እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ ግን ልጅዎ ከዚህ አልፏል። የሒሳቡ ነገር ካሳሰበዎት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጠዋት ማጠናከሪያ ይሂድ፤ ያልገባው ምዕራፍ የትኛው እንደሆነ መምህርቷን አስቀድመው ይጠይቁና በእሱ ላይ ብቻ ይሥራ። የእንግሊዝኛውን ክፍያ ወደ መጽሐፍ ያዙሩት። ከሰዓት በኋላውን ደግሞ ከኳስ ጋዜጣው ጋር ይተዉለት፤ ማታ «ማን አሸነፈ?» ብለው ሲጠይቁት ከጋዜጣው ላይ ያንብብልዎ።